ጓያ በወሎ ደጋ

ጓያ ጎኑ የተጨፈለቀ፣ ማዕዘን ያለው፣ ዳለቻ ወይም ቡናማ ዝንጉርጉር የጥራጥሬ ዘር ነው። አበባው በኢትዮጵያ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ሲሆን ተክሉ እንደ አተር በመሬት ላይ ይሳባል። ተፈጭቶ ሽሮ ከሆነ በኋላ ከአተርና ከሽምብራ ለመለየት የለመደ ዓይንና ምላስ ይጠይቃል፤ ዋጋው ከሁለቱም ዝቅ ስለሚል በገበያ ሽሮ ውስጥ መቀላቀሉም የታወቀ ነው። ከሌሎቹ ጥራጥሬዎች የሚለየው ግን ዋጋው አይደለም። አልፎ አልፎ፣ ከሌላ እህል ጋር ሲበላ ምንም አያደርግም፤ ለወራት ዋና ቀለብ ሲሆን ግን የጤነኛን ሰው እግር ያስራል። በሰሜን ወሎ ይህ ጠባዩ በሰፊው የታየው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ስፍራውም ከላስታ በስተደቡብ ያለው የደላንታና ዳውንት ደጋ ነበር።

የላስታና የደላንታ መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። በላሊበላ ዙሪያ፣ ቁመቱ ከ4,200 ሜትር ከሚበልጠው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ እስከ ተከዜ መነሻ ሸለቆዎች ድረስ፣ ማሳው ተዳፋትና ድንጋያማ ነው። ከፍ ባለው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር፣ ዝቅ ባለው ጤፍና ማሽላ ይዘራበታል። ከላሊበላ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ጋሸና ላይ የወልድያና የወረታን መንገድ ተሻግሮ፣ በኮን በኩል ወደ ወገል ጤና ሲዘለቅ ግን አገሩ ይለወጣል። ዋድላና ደላንታ በጅጣና በበሽሎ ገደሎች የተቆራረጠ ሰፊ አምባ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያለፉት በዚሁ ሜዳ ነው። አብዛኛው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ ጭቃው የበሬ እግር ይዞ አይለቅም፤ በጋ ሲደርስ ደግሞ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይተረተራል።

በዚህ አፈር ላይ ገበሬው በክረምቱ ዝናብ የሚጠቀመው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ውኃው ሲጎድል ምስር፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ሰብሉ የሚያድገው አፈሩ በያዘው እርጥበት ነው። ከሦስቱ እጅግ ቻዩ ጓያ ነው። ውኃ ቢተኛበት ይችላል፣ ዝናብ ቀድሞ ቢወጣም ይችላል። በአንድ ዙር እርሻ ይበቅላል፣ አረም ብዙ አያስቸግረውም፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ለመሬቱ ይተዋል። ገለባው ለከብት ይሆናል። ዘሩ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያም በላይ ፕሮቲን ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለውና ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ የሚያርስ ሰው ማሳውን ሦስትና አራት ጊዜ መመላለስ ስለማይችል፣ ለጤፍ የሚገባውን መሬት ለጓያ ቢሰጥ የሚያስደንቅ አይደለም። የጓያ ታሪክ በአመዛኙ የበሬ እጦት ታሪክም ነው ማለት ይቻላል።

እህሉ የሚታጨደው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ብዙ ሳይቆይ 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ይገባል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጽዋማት ከረቡዕና ከዓርብ ጋር ሲደመሩ ለምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ጠንክረው ለሚጾሙ ካህናትና መነኮሳት እስከ 250 ቀን ይደርሳሉ። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ስለማይበሉ ማዕዱ በሽሮና በክክ ይቆማል። ላሊበላን በመሰለ የደብርና የገዳም አገር፣ የበዓል እንግዳ በሚጎርፍበት፣ ጥራጥሬን ለሆድ እንዲስማማ አድርጎ ማዘጋጀት የየቤቱ ሙያ ሆኖ ኖሯል። ጾም ጓያን ቀለብ አላደረገውም፤ ቀለብ ያደረገው ችግር ነው። ጾም ያደረገው ሌላ ነገር ነው፦ እህሉ ከምጣድ እስከ ወፍጮ የሚያልፍበትን ረጅም መንገድ ሠርቶ አቆይቷል።

ያ መንገድ ከቅርብ ቢታይ ይጠቅማል። ለሽሮ የሚሆን ጓያ መጀመሪያ ይለቀማል፤ ከዚያ በውኃ ይዘፈዘፋል ወይም ሞቅ ባለ ውኃ ይነከራል፤ ውኃው ተደፍቶ እህሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ምጣድ ላይ ይታመሳል፣ በወፍጮ ይከካል፣ ገለፈቱ በሰፌድ ይነፈሳል። ክኩ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማና ከበርበሬ ጋር ተዋሕዶ ይፈጫል። ወጥ ሲሆን በጤፍ ወይም በገብስ እንጀራ ይበላል፤ አንድ ጉርሻ ውስጥ ያለው ጓያ ከእንጀራው ያነሰ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል እህሉ ሁለት ጊዜ እሳት፣ አንድ ጊዜ ውኃ አይቶ፣ ቆዳውን ጥሎ፣ ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ ነው አፍ የሚገባው።

ችግር ሲገባ ይህ መንገድ ያጥራል። ቅመም የሚገዛበት ገንዘብ የለም፤ ለእንጀራ የሚሆን ጤፍና ገብስ የለም፤ ማገዶም ውኃም የሚቆጠብ ነገር ይሆናል። ያኔ ጓያ ከነቆዳው ንፍሮ ይሆናል፣ ወይም ተቆልቶ ለእህል ውኃ ያህል ይቆረጠማል፣ ወይም ዱቄቱ ብቻውን ቂጣ ይሆናል። ገና ሳይደርስ ከማሳው ላይ ተነቅሎ በእሸትነቱ ይበላል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቀኑን ሙሉ ከጓያ ማሳ ዳር ሲውል እሸት ቢበላ የሚከለክለው የለም፤ በጥጋብ ዘመንም የሚያደርገው ነገር ነው። በክፉ ዘመን ልዩነቱ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀውም ያው ጓያ መሆኑ ነው።

በሽታው የሚመጣው ይህ አመጋገብ ሁለትና ሦስት ወር ያህል ከቀጠለ በኋላ ነው። አመጣጡ ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ነው። ከባድ ሥራ ውሎ ወይም ረጅም መንገድ ሄዶ የተኛ ሰው ጠዋት ሲነሳ እግሩ ይከብደዋል፣ ባቱ ይኮማተራል፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ይላል። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ አስቀድሞት የሚመጣበትም ጊዜ አለ። በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ አካሄዱ የታወቀውን መልክ ይይዛል፦ ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፣ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፣ ተረከዙ መሬት አይነካም። ሐኪሞች ሕሙማኑን በአረማመዳቸው በአራት ይመድቧቸዋል፦ ያለ ምርኩዝ የሚሄዱ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄዱ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄዱና የሚድሁ። እግሩ ይሰማዋል፣ ሽንቱን ይቆጣጠራል፣ አእምሮው ንቁ ነው፣ እጁም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። በሽታው አይገድልም፤ አይድንምም። ጓያ መብላት ሲቆም መባባሱ ይቆማል፣ የታሰረው ግን አይፈታም።

የደጋው ሰው ጥፋቱ ከጓያ እንደሆነ ለማወቅ ላቦራቶሪ አላስፈለገውም፤ ሕመሙ «የጓያ በሽታ» ሲባል የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። በምን በኩል እንደሚገባ ግን ልዩ ልዩ አስተያየት ነበረ። በብዙ ቦታ ጥፋተኛው እንፋሎቱ ነው ይባላል፤ ሲቀቀል ወይም ሲጋገር የሚወጣው ትነት እግር ይይዛል ተብሎ ይታመናል። ሌሎች በጓያ ማሳ ውስጥ መሄድን ወይም ገለባው ላይ መተኛትን ይፈራሉ። የእንፋሎቱ አስተያየት ትክክል ቢሆን ኖሮ በጭሱና በእንፋሎቱ መካከል የሚውሉት ሴቶች ከሁሉ በፊት በታመሙ ነበር። የሆነው ተገላቢጦሽ ነው፤ ከሴቶች ይልቅ የሚጠቁት ወንዶች፣ በተለይም ልጆችና ጎረምሶች ናቸው። ያም ሆኖ እንፋሎትን መፍራት ከእህሉ መራቅን ስለሚያመጣ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም።

ሌላው ዓለምም ይህን እህል ያውቀዋል። ጓያ ከ8,000 ዓመት በፊት ገደማ በባልካን አካባቢ እንደተለመደ ይታመናል። በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጽሑፎች ውስጥ በረኀብ ወቅት ጥራጥሬ ብቻ ሲበሉ የቆዩ የአይኖስ ከተማ ሰዎች እግራቸው እንደደከመ ተመዝግቧል። በ1671 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የቩርተምበርግ መስፍን ከጓያ ዱቄት ዳቦ እንዳይጋገር በአዋጅ ከልክሏል። በማድሪድ በ1811 እና በ1812 እ.ኤ.አ. በነበረው ረኀብ ሕዝቡ የኖረው በዚሁ ዱቄት ገንፎ ነበር። ለበሽታው ዛሬ በሕክምና የሚጠራበትን ስም፣ «ላቲሪዝም»ን፣ ያወጣው የኔፕልሱ ሐኪም አርናልዶ ካንታኒ ሲሆን ዘመኑም 1873 እ.ኤ.አ. ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለወሎው ታሪክ የሚቀርበው የሕንዱ ነው። እንግሊዛዊው ሹም ዊልያም ስሊማን በ1844 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በሳጋር አውራጃ ያየውን ጽፏል። በ1829 በረዶ ስንዴውን አጠፋው፤ በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ አነሰ፤ በሦስተኛው ዋግ መታው። በሦስቱም ዓመት ጓያ ብቻ ለመለመ፤ ገበሬው ጎተራውን በእሱ ሞላ። በ1833 የመንደሩ ወጣቶች እግራቸው መታሰር ጀመረ። ስሊማን የተረከው አሠራር ከመቶ ስልሳ ዓመት በኋላ በደላንታ ሲደገም የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ አንድ በአንድ ሰብሉ ሲወድቅ የማይወድቀው ይቀራል፣ ሰውም የቀረውን ይበላል። ሕንድ የእህሉን ሽያጭ በ1961 እ.ኤ.አ. በሕግ ብትከለክልም ድሃ ገበሬ ለራሱ የሚዘራውን ሕጉ አላስቀረውም።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን በሽታው በረኀብ ብቻ ሳይሆን በሰው ትእዛዝም መጥቷል። በ1942 እ.ኤ.አ. በሩማንያ አስተዳደር ሥር በነበረው በቫፕኒያርካ ማጎሪያ ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች ለከብት የተቀመጠ ጓያ ይቀለቡ ነበር። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር የብዙዎች እግር ባንድ ጊዜ ሲታሰር መንሥኤውን አወቀ፤ እስረኞቹም ያንን ቀለብ አንበላም አሉ። ዶክተሩ ራሱ የበሽታው ሰለባ ነበር።

በኢትዮጵያ ጓያ በስፋት የሚዘራው በጎጃም፣ በጎንደር፣ በሸዋና በወሎ ጥቁር አፈር ላይ ሲሆን አገሪቱ ከሕንድና ከባንግላዴሽ ጋር ከዋነኞቹ አምራቾች ተርታ ትሰለፋለች። በሐኪሞች በደንብ የተመዘገበው የመጀመሪያው ትልቅ ወረርሽኝ በ1969 ዓ.ም. በጣና ዙሪያ በደምቢያና በፎገራ የደረሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አንሥተው ያልጣሉት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ቤት ለቤት ባደረጉት ጥናት በሽታው በየጎጆው ተሸሽጎ የቆየ፣ ሆስፒታል የማይደርስ የአካል ጉዳት መሆኑን አሳይተዋል። የማይገድል በሽታ በሞት መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ የማይድን በሽታም ሐኪም ቤት አያመላልስም። ለዚህ ነው ቆጥሮ ያልፈለገው ሰው የማያገኘው።

የደላንታና ዳውንት ወረዳ በዚያን ጊዜ በሰሜን ወሎ ዞን ሥር ነበር፤ በኋላ ለሁለት ተከፍሎ ደላንታ ወደ ደቡብ ወሎ ሲዛወር ዳውንት በሰሜን ወሎ ቀርቷል። አካባቢው በ1965ቱና በ1977ቱ የወሎ ረኀብ የተጎዳ፣ በበልግና በመኸር መካከል ተንጠልጥሎ የሚኖር አገር ነው፤ በልግ ሲቀር ዓመቱ በግማሽ ይጎድላል፣ መኸርም ሲቀር ጎተራ ይራቆታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ድርቁ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ በዋልካው ላይ የቆመው ጓያ ነበር። ገበያ ላይ እህል ቢኖርም የሚገዛበት ጥሪት አልነበረም። ቤተሰቡ ያለውን ጓያ ወደ ገበያ አውጥቶ በገብስ እንዳይለውጥ ጓያ ዋጋው ርካሽ ነው፤ አንድ ቁና ጓያ ሸጦ አንድ ቁና ገብስ አይገዛም፣ የሚበላውም በመጠን ያንሳል። ስለዚህ እህሉን የማያምነው ሰው እንኳ በላው።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ እግራቸው የታሰረ ሰዎች ቁጥር ወደ 2,000 ደረሰ። ወረርሽኙን ለውጭው ዓለም ያስታወቀው በ1999 እ.ኤ.አ. «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው አጭር ጽሑፍ ሲሆን፣ ዋና አዘጋጁ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ነበሩ፤ ፕሮፌሰር ረዳና የቤልጅየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፈርናንድ ላምቤን አብረዋቸው ጽፈዋል። በቀጣዮቹ ዓመታት የወጡት የዚሁ ቡድን ጥናቶች ከቁጥሩ ይልቅ ወደ ማዕዱ ተጠግተዋል። በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ የችግር ዘመን፣ ያንኑ እህል በልተው ከታመሙትና ካልታመሙት መካከል ልዩነቱ ምን ነበር የሚለውን ጠይቀዋል።

መልሱ በአብዛኛው ከላይ የተገለጸውን የወጥ ቤት መንገድ ተከትሎ የሄደ ነው። ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎና በእሸት መልክ የበሉት ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። በቦካ እንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ የበሉት ግን ያን ያህል አልተጎዱም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልን የመሰለ ቅመም የገባበት ወጥ የበሉ ሰዎች የመታመም ዕድላቸው በአራት እጥፍ ያህል አንሶ ታይቷል። ከጥራጥሬ ውጭ ያለ እህል ተቀላቅሎ መበላቱም ከለላ ሆኗል፤ በዚህም መነሻ ተመራማሪዎቹ በድርቅ ጊዜ ስንዴና በቆሎን የመሰለ የእርዳታ እህል በጊዜ ቢደርስ በሽታውን ሊያስቀር እንደሚችል ጽፈዋል። ከተጠቂዎች መካከል ጎልተው የወጡት ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ወንዶች ልጆች ናቸው፤ እረኛውና እሸቱ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ከቤተሰቡ ሌላ ሰው የታመመበት፣ ያልተማረና በእጅ በተሠራ የሸክላ ድስት የሚያበስል ቤትም ይበልጥ ተጋልጧል። ሸክላው በራሱ ጥፋተኛ ነው ለማለት ያስቸግራል። የአሉሚኒየም ድስት መግዛት የቻለ ቤት ነጭ ሽንኩርትም መግዛት ይችላል።

መርዙ ምን እንደሆነ የታወቀው በ1964 እ.ኤ.አ. በሕንድ ሳይንቲስቶች ነው። በአጭሩ «ኦዳፕ» የሚባል የአሚኖ አሲድ ዓይነት ሲሆን፣ በነርቭ መካከል መልእክት የሚያስተላልፈውን ግሉታሜትን ይመስላል። ነርቮቹ መልእክት የመጣ መስሏቸው ያለ ፋታ ይነቃቃሉ፤ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱት ረጃጅሞቹ ነርቮች ይህን ሳይችሉ ይሞታሉ። ጓያ ሜታዮኒንና ሲስቲን በተባሉት ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ድሃ ነው፤ ሰውነት ነርቮቹን ከእንዲህ ዓይነቱ ጥቃት ለመከላከል የሚፈልገው ደግሞ እነዚህኑ ነው። ገብስ፣ ጤፍና ስንዴ በእነሱ ይሻላሉ። እንጀራ ከጓያ ወጥ ጋር ሲበላ የመርዙን ድርሻ በመቀነስ ብቻ ሳይሆን መከላከያውንም በመጨመር ይረዳል ማለት ነው። የሚገርመው፣ ይኸው ንጥረ ነገር በቻይና ባህላዊ ሕክምና ደም ለማቆም በሚያገለግል የጂንሰንግ ዓይነት ውስጥም ይገኛል፤ እዚያ የሚወሰደው ግን በግራም ክፍልፋይ እንጂ በቁና አይደለም።

የመርዙ መጠን እንደ አፈሩና እንደ ዓመቱ ይለዋወጣል። ዚንክ ያነሰበትና ብረት የበዛበት አፈር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የውኃ ጥም፣ ኦዳፕን ያበዛዋል። ተክሉ ድርቅን በቻለ መጠን ዘሩ እየከፋ ይሄዳል፤ ሰው ጓያን አብዝቶ የሚበላው ደግሞ በዚያው ዓመት ነው። በአፍሪካ ለዚህ የሚቀርብ አንድ በሽታ አለ፤ በኮንጎና በሞዛምቢክ የታየው፣ «ኮንዞ» የሚባለው፣ በድርቅ ጊዜ መራራ ካሳቫ በወጉ ሳይዘፈዘፍና ሳይደርቅ ሲበላ የሚመጣ የእግር መታሰር። መርዙ ሌላ ነው፣ ሁኔታው ግን አንድ ነው።

ይህ ሁሉ የጓያን ጉዳት ዛሬ «ምግብ አልስማማ አለኝ» ከሚባለው ይለየዋል። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም በሰውነቱ አንሶ ነው፤ ስንዴና ገብስ አንጀቱን የሚያቆስለው ሰውም የተለየ ተፈጥሮ ያለው ነው፤ ጎረቤቱ ያንኑ በልቶ ደኅና ያድራል። ጓያ ግን መጠኑና ጊዜው ከበዛ ማንንም አይምርም። የሆነ ሆኖ ከአንድ ማዕድ ከሚበሉት መካከል አንዱ ታስሮ ሌላው ይቀራል። የሥራው ብዛት፣ ዕድሜው፣ ትኩሳቱ፣ ከማዕድ ውጭ የበላው ቆሎና እሸት ሁሉ ድርሻ አለው።

ከበሽታው በኋላ ያለው ኑሮ ረጅም ነው፤ ታማሚው ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም ጎረምሳ ስለሆነ ዐርባና ኀምሳ ዓመት አብሮት ይኖራል። የደጋ እርሻ እግር ይፈልጋል። ሞፈር ጨብጦ በዋልካ ላይ በሬ መከተል፣ ገደል ወርዶ መውጣት፣ ነዶ መሸከም፣ ከብት መመለስ ከምርኩዝ ጋር አይሄዱም። ማሳውን ለእኩል አራሽ የሚሰጥ አለ፤ ያኔ የምርቱን ግማሽ ያጣል፣ ድህነቱም ይብሳል፤ ድህነቱ ሲብስ ደግሞ ቤቱ ወደ ጓያ ይመለሳል። እጁ ስለሚሠራ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ፣ እንደ ስፌትና ሽመና፣ ለአንዳንዱ መውጫ ይሆናል። የጡንቻውን መኮማተር የሚያላላ መድኃኒት በሌሎች አገሮች ተሞክሮ ለጥቂቶች እፎይታ ሰጥቷል፤ የሞተውን ነርቭ የሚመልስ ግን የለም።

ሳይንቲስቶች የተከተሉት ሌላው መንገድ ዘሩን ማሻሻል ነው። በሶርያ ሐለብ የነበረው «ኢካርዳ» የተባለው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማእከል ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ሠርቶ «ዋሴ» የተባለው ኦዳፕ ያነሰበት ዝርያ በ2006 እ.ኤ.አ. ለገበሬ ተለቋል። ሥራው ሁለት እንቅፋት አለበት። አንደኛው፣ መርዙ በድርቅ ስለሚበዛ በጥሩ ዓመት ዝቅ ብሎ የተለካው ዝርያ በክፉ ዓመት ከፍ ሊል ይችላል። ሁለተኛው ንብ ነው፤ ጓያ በነፍሳት አማካይነት ከጎረቤት ማሳ ጋር ስለሚዳቀል፣ የተሻሻለውን ዘር ለብቻው የዘራ ገበሬ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያጭደው የተደባለቀ ነው። በሽታውን ፈርቶ ጓያን ጨርሶ መተውም እንዲህ ቀላል አይደለም። ምስርና ሽምብራ ገንዘብ ያመጣሉ፣ ደላንታም በምስር የታወቀ ነው፤ ውኃ የተኛበት ዝቅተኛ ማሳ ላይ ግን ሁለቱም ይበሰብሳሉ።

ስለዚህ ለቤተሰብ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው የድሮውን የወጥ ቤት መንገድ በጥንቃቄ መመለስ ነው፦ ጓያውን ሌሊቱን በብዙ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ውኃውን መድፋት፣ ሲቀቀልም የፈላበትን ውኃ ማፍሰስ፣ ከገለፈቱ ማላቀቅ፣ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር መቀላቀል፣ እሸቱን ከልጆች ማራቅ። ኦዳፕ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ዝፍዘፋውና መድፋቱ በእርግጥ ይቀንሰዋል። ለዚህ ሁሉ ግን ውኃ ያስፈልጋል። በዋድላና በደላንታ አምባ ላይ፣ እንደ ብዙው የላስታ መንደርም፣ በበጋ ውኃው ያለው ከገደሉ ሥር ነው፤ እንስራው የሚወጣው በሴትና በልጃገረድ ጀርባ ነው። ዛፍ ባነሰበት ደጋ ማገዶው ኩበት ሲሆን፣ ለምድጃ የዋለው ኩበት ለማሳ የሚሆን ፍግ አይሆንም። ሁለት ጊዜ የሚፈላ ድስት ሁለት ጊዜ ኩበት ይፈጃል፤ አንድ እንስራ ውኃ ለእህል ማጠቢያ ከፈሰሰ ሌላ እንስራ ለማምጣት ገደሉን እንደገና መውረድ ግድ ነው።